ከኮምቦልቻ ሜዳ እስከ ሐይቅ ዳርቻ፦ ለጀማሪ ቡድን የሚሆኑ ቀላል የእግር ጉዞዎች

ደሴ ላይ አዲስ የሚቋቋም የእግር ጉዞ ቡድን ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው የጦሳን ተራራ ነው። ከከተማው መሃል ቀና ሲሉ ፊት ለፊት የተገተረው እሱ ስለሆነ አይገርምም። ግን በጦሳ የጀመረ ቡድን ቶሎ ይሳሳል። ሰዉ ሰንፎ አይደለም። የጉዞ ቅለት የሚለካው በርዝመቱ ሳይሆን በአቀበቱና በመመለሻው ስለሆነ ነው። ሜዳ ላይ 10 ኪሎ ሜትር የሄደ ሰው ማታ እራቱን በልቶ በደህና ይተኛል። 4 ኪሎ ሜትር ቀጥ ያለ ዳገት ወጥቶ የወረደ ጀማሪ ግን በማግስቱ ደረጃ የሚወርደው ግድግዳ ይዞ ነው።

ስለዚህ እኛ የምንመክረው ቅደም ተከተል፣ መጀመሪያ ኮምቦልቻ፣ ቀጥሎ ቦሩ ሜዳ፣ ከዚያ ሐይቅ፣ ከዚያ ገራዶ፣ ጦሳ መጨረሻ ነው።

ኮምቦልቻ የሚቀድመው ዝቅ ስለሚል ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ደሴ 2,500 ሜትር ትጠጋለች። ደሴ ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን በባሕር ወለል ከሚገኘው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ለደሴ ልጅ ይህ የተለመደ ነው፤ ከአዋሽ ወይም ከባቲ በኩል ለመጣ እንግዳ ግን ከመጀመሪያው ዳገት ጀምሮ ይታወቀዋል። የአየሩም ልዩነት ቀላል አይደለም። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ሙቀቱ ከ6 ዲግሪ ትንሽ በላይ ስለሚቀንስ፣ ኮምቦልቻ በካኒቴራ የወጣ ሰው ደሴ ሲደርስ ጃኬት ይፈልጋል። ኮምቦልቻ ላይ ከከተማው ዳር ዳር ባለው ደልዳላ መሬት ለአንድ ሰዓት መሄድ ለመጀመሪያው ሳምንት ይበቃል። ከፀሐይ ለመሸሽ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል መነሳት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጉዞ ሁሉ ቀድሞ ማስላት ይቻላል። ጀማሪ ቡድን በሜዳ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ለእያንዳንዱ 100 ሜትር አቀበት 10 ደቂቃ ይጨመራል። 6 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 300 ሜትር አቀበት ያለው ጉዞ ያለ ዕረፍት 2 ሰዓት ይፈጃል ማለት ነው። የዕረፍቱን ጊዜ ለብቻው ጨምሩ። ፍጥነቱን የሚወስነው ከኋላ ያለው ሰው እንጂ ከፊት ያለው አይደለም። ከፊት ያሉት ቆመው ጠብቀው፣ የኋለኛው ገና ሲደርስ ተነስተው ከሄዱ፣ ዕረፍት በጣም የሚያስፈልገው ሰው አንድም ጊዜ ሳያርፍ ይውላል። ልኩን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ወሬ ነው፤ ሰው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራርጥ ማውራት ካቃተው ፍጥነቱ በዝቷል።

ቦሩ ሜዳ ከደሴ በስተሰሜን ያለ ሰፊ ሜዳ ነው። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ የሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉበት ቦታ ነው። ሳንባ ከፍታውን እንዲለምድ፣ ጉልበት ደግሞ እንዳይጎዳ ከዚህ የተሻለ ቦታ በአካባቢው የለም። ችግሩ ነፋሱ ነው። መጠለያ የሌለው ሜዳ ስለሆነ ላብ ያረጠበው ልብስ ቆም ሲሉ ወዲያው ይበርዳል። ስለዚህ ሹራቡን መልበስ ከመቀመጥ በፊት ነው፣ ብርድ ከተሰማ በኋላ አይደለም።

ሐይቅ ግን የጉዞዎቻችን ሁሉ ምርጡ ነው። ከደሴ በወልድያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚኒባስ ተኪዶ ሐይቅ ከተማ ላይ ይወረዳል፤ ከዚያ እስከ እስጢፋኖስ ገዳም 3 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ብዙ አቀበት የለውም፣ ውሃው ከጎን ይታያል፣ ወፍ በሽ ነው። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት ይህ ገዳም ድሮ ደሴት ነበር፤ አሁን በአንድ በኩል ከየብስ ጋር ስለተያያዘ በእግር ይገባል። ወደ ገዳሙ ሴት አትገባም። ይህን በር ላይ ደርሶ መስማት ቡድን ያስከፋል፤ ቀድሞ ተነግሮ ሴቶቹ ዳርቻውን ይዘው የሚሄዱበትና ሁሉም መልሶ የሚገናኝበት ቦታና ሰዓት ከደሴ ሳይወጡ መቆረጥ አለበት።

ሐይቁን ዙሪያውን እንሂድ የሚል አይጠፋም። ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዙሪያውን መጨረስ ሙሉ ቀን ይወስዳል፣ ለጀማሪም አይሆንም። ይልቅ በአንድ ዳርቻ ለ1 ሰዓት ሄዶ በዚያው መመለስ ይሻላል። ከክረምት በኋላ ፊላ የበቀለበት ዳር ከላይ ሳር መስሎ ከሥሩ ረግረግ ነው፤ እግር ከመጣሉ በፊት በዱላ ወጋ ማድረግ ያስፈልጋል። ዱላው ያለ ችግር ከገባ ሁለት እርምጃ ወደ ላይ ከፍ ብላችሁ ዙሩ። ጫማ አውልቆ ውሃ ውስጥ መቆም ደስ ቢልም አንመክርም፤ ቢልሃርዝያ የሚተላለፈው ቀንድ አውጣ ባለበት እንዲህ ባለ ፀጥ ያለ ዳር ነው። ዋና ደግሞ ጭራሽ አይታሰብ፤ ሐይቁ እስከ 88 ሜትር ይጠልቃል። የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ የሚበላው ከጉዞው በኋላ ነው፤ ከበሉ በኋላ መንገድ መቀጠል እንደ አቀበት ይከብዳል።

እግር ላይ እንቆይ፤ ብዙ ጉዞ የሚበላሸው እዚያ ስለሆነ። እግር ውሃ የሚቋጥረው ከእርጥበትና ከመፋተግ ነው። ተረከዝ ወይም የትንሿ ጣት ጎን ሞቅ ማለት ሲጀምር ገና ውሃ አልቋጠረም፤ ያኔ ቆሞ ካልሲ አውልቆ፣ ቆዳውን አድርቆ ፕላስተር መለጠፍ 5 ደቂቃ ይፈጃል። ትንሽ ልሂድ ያለ ሰው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ያነክሳል። የቋጠረውን ማፈንዳት ቁስል መክፈት ነው፤ ሸፍኖ መተው ይሻላል። ቁልቁለት ላይ የሚጎዱት ደግሞ የአውራ ጣት ጥፍሮች ናቸው። ጫማው ቢበቃም እግር ወደ ፊት ይንሸራተትና ጣት አፍንጫውን ይመታል። መፍትሔው ክሩ ላይ ነው። ከመውረድ በፊት ክሩን ፈትቶ፣ ተረከዝን መሬት ላይ መታ መታ አድርጎ ወደ ኋላ ማስቀመጥ፤ ከዚያ የላይኞቹን ሁለት ቀዳዳዎች አጥብቆ ማሰር፣ የታችኞቹን ላላ ማድረግ። እግር ከላይ ከተያዘ ጣቶች ይተነፍሳሉ። አዲስ ጫማ ለጉዞ ከመውጣቱ በፊት ቤትና ሥራ ቦታ ይለመድ።

ገራዶ የሚያታልል መንገድ ነው። ከደሴ ሲሄዱ ቁልቁል ነው፣ ሁሉም ይስቃል፣ ፍጥነቱም ያምራል። ሲመለሱ ግን ያ ሁሉ ቁልቁለት አቀበት ሆኖ፣ ፀሐዩ በርትቶ፣ ውሃው አልቆ ይጠብቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሄዱ መውረዱን ብቻ በእግር አድርጎ በመኪና መመለስ ነው። በሁለተኛው ግማሹን አቀበት በእግር፣ በሦስተኛው ሁሉንም። ውሃ በሰዓት ለአንድ ሰው ግማሽ ሊትር ይያዝ፤ የመመለሻው ግማሽ ከመጀመሪያው ተለይቶ ይቀመጥ። ስንቅ በሶና ቆሎ በቂ ነው።

በዚህ መንገድ ባሕር ዛፍ የተጫኑ አህዮች ይገጥማሉ። ግንዱ ከጭነቱ ግራና ቀኝ ረዝሞ ስለሚወጣ አህያዋ ሳትነካችሁ እንጨቱ ይገፋል። ምንጊዜም መቆም በተራራው በኩል ነው፣ በገደሉ በኩል አይደለም። እርከን ላይ አትዝለሉ፤ ካብ አንዴ ከተናደ ገበሬው ነው ከነአፈሩ የሚከስረው። አስፋልት ላይ ከሆናችሁ በግራ በኩል፣ መኪናው ፊት ለፊት እየታየ ይኬዳል። ደሴን ከኮምቦልቻ የሚያገናኘውን የሐረጎ ጠመዝማዛ ግን ለእግር ጉዞ አትምረጡት። ከባድ መኪና ይበዛበታል፣ ጠርዙ ጠባብ ነው፣ መታጠፊያ ላይ ሹፌሩም እግረኛውም አይተያዩም።

ስለ ወቅቱ አጭር ነገር፤ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ድረስ ያለው ጊዜ ከሁሉ ይሻላል። መሬቱ ደርቋል፣ አረንጓዴው ግን ገና አልሄደም። ሐምሌና ነሐሴ ዋልካ አፈር ጫማ ሥር እየተለጠፈ እያንዳንዱን እርምጃ ያከብዳል፣ ኮብልስቶኑም ያንሸራትታል። መጋቢትና ሚያዝያም የበልግ ዝናብ አያስተማምንም፤ ሁልጊዜ የዝናብ ልብስ ይያዝ። በማንኛውም ወቅት ከመውጣት በፊት የመንገዱን ሁኔታ ለአካባቢው ሰው መጠየቅ ግድ ነው።

ጦሳ የሚመጣው ቡድኑ ገራዶን ደርሶ መልስ በእግሩ ጨርሶ በማግስቱ ሥራው ላይ ሳያነክስ ሲገኝ ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ተነሱ። ዳገቱን በአጭር በአጭር እርምጃ፣ እየተጠማዘዛችሁ ውጡ። ባሕር ዛፍ ሥር የደረቀ ቅጠልና ፍሬው ከጫማ ሥር ይንከባለላል፤ ስትወርዱ ጉልበት ጠበቅ ብሎ ሳይገተር እግራችሁን ሙሉ በሙሉ አሳርፉ። የመመለሻ ሰዓት ቀድማችሁ ቁረጡ፤ ለምሳሌ 5 ሰዓት ካላችሁ ጫፉ ባይደረስም 5 ሰዓት ላይ ዙሩ። ጉም ከወረደ ተበታትኖ መንገድ መፈለግ አይገባም፤ ሁሉም አንድ ቦታ ተሰብስቦ ሹራብ ለብሶ ይቀመጥ፣ እስኪገለጥም ይጠብቅ።