ፈሪ ድመት ይዞ ሐዋሳ ድረስ

ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የድመት ማጓጓዣ ሳጥን ስታይ አልጋ ሥር ለምትገባ ድመት ሩቅ አገር ነው። አይፈረድባትም፤ ሳጥን የሚወጣው መርፌ ሊያስወጓት ሲሉ ብቻ ነዋ!

ስለዚህ ሳጥኑ ከጉዞው ሁለት ሳምንት ቀድሞ በሩ ተከፍቶ ሳሎን ይቀመጥ። ምግቧ መጀመሪያ ደጃፉ ላይ፣ ከቀናት በኋላ ውስጡ ይቅረብ። ገብታ መተኛት ስትጀምር በሩን ለአንድ ደቂቃ መዝጋት፤ ቀጥሎ የቆመ መኪና ውስጥ ማስገባት፣ ሞተር ማስነሳት፣ ሰፈሩን ዞሮ መመለስ። ከደነገጠች ወደቀደመው መመለስ ነው። ይህን ሁሉ በመነሻው ማለዳ ልሥራ ያለ ሰው እጁን ተቧጥሮ ይቀራል።

የተሠራ ሳጥን ከጠፋ ሁለት የቲማቲም ፕላስቲክ ሳጥን አፍ ለአፍ ገጥሞ ማሰር ይቻላል፤ አንዱ ጎን በሚፈታ ገመድ ይሁን። ካርቶን አይሆንም። ስትሸና ታቹ ይርስና ይቀደዳል፤ ያመለጠች ድመት ደግሞ ፍሬን ፔዳሉ ሥር ልትገባ ትችላለች።

ውስጡ ዳይፐር ዘርግቶ በላዩ የቤት ሰው የለበሰው ያልታጠበ ቲሸርት ማንጠፍ። ቦታው ከፊት ወንበር ኋላ፣ ወለሉ ላይ ነው፤ ፍሬን ሲያዝ አይንሸራተትም። ሦስቱን ጎን በነጠላ መሸፈን፣ አንዱን ለአየር መተው።

ምግብ ከመነሳት ከ4 እስከ 6 ሰዓት በፊት ይቁም (ግልገል ግን ይህን ያህል አትጹም)፤ ውሃ አይከልከል። ከሞጆ ወዲያ ስለሚሞቅ ማለዳ 12 ሰዓት መውጣት ይሻላል። ባቱ ላይ መስኮትና በር ዘግቶ ውሃና የመጸዳጃ አሸዋ ማቅረብ። እምቢ ብትል አያስጨንቅም፤ ድመት ሽንቷን ለሰዓታት ትይዛለች። ጩኸቷ አንጀት ይበላል፤ አሳዝናኝ ብሎ እየሄዱ ሳጥኑን መክፈት ግን ትልቁ ስህተት ነው። የሚያሳስበው አፏን ከፍታ ስታለከልክ ነው፤ ቶሎ ቆሞ ማቀዝቀዝ፣ ካልተዋት ሐኪም ጋ መሮጥ።

በጣም ለምትሸበር የእንስሳት ሐኪም ጋባፔንቲን የሚባል የሚያረጋጋ መድኃኒት ሊያዝላት ይችላል። ብዙውን ጊዜ ከጉዞው 2 ሰዓት ገደማ ቀድሞ ይሰጣል። ሐኪሙ ያዘዘው መጠን አስቀድሞ በሌላ ቀን ቤት ይሞከር፤ አንዳንዷ እንደ ሰካራም ትንገዳገዳለች። ከሰው መድኃኒት ሣጥን ግን ምንም አይነሳ፤ ግማሽ ፍሬ ፓራሲታሞል እንኳ ድመት ሊገድል ይችላል።

ሐዋሳ ሲደረስ አንድ ክፍል ዘግቶ ሳጥኑን መክፈትና መተው። ጎትቶ ማውጣት የለም፤ ሲመሻሽ ራሷ ትወጣለች።