የብላክ ሆልን ማስረጃ ራሴ ልፈትሽ ብዬ የት ላይ እንደተሳሳትኩ

ይሄን የምጽፈው ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ሦስት ወር ሙሉ አላባክንም ነበር ብዬ ስለማምን ነው። ብላክ ሆል፣ ማለትም ስበቱ ከመጠንከሩ የተነሣ ብርሃን እንኳ የማያመልጠው አካል፣ መኖሩን እጠራጠር ነበር። አሁንም የምጠራጠረው ነገር አለ፣ ግን ቦታው ተቀይሯል። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የጀመረው በ2019 ከወጣው ብርቱካንማ ቀለበት ነው። ኤም 87 በሚባለው ጋላክሲ መሃል ያለው ማለቴ ነው። ሁሉም ሰው "ፎቶ ነው" ይላል። እኔ ሳነብ ግን በ2017 ስምንት የሬዲዮ ቴሌስኮፖች የሰበሰቡት ሞገድ በኮምፒውተር ተቀናብሮ የተሠራ ምስል ሆኖ አገኘሁት። ሞገዱ 1.3 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው ነው፣ ዓይናችን አያየውም፣ ስለዚህ ቀለሙን የመረጡት ሰዎች ናቸው። ይሄን ከመጀመሪያው በትልቁ ጽፈው ቢነግሩን ምን ነበረበት? አንድ የፊዚክስ መምህር ስለ ቀለሙ ብጠይቀው "ሳይንቲስቶች አረጋግጠውታል፣ በቃ" አለኝ። እስከ ዛሬ ያናድደኛል። እንዲህ ያለ መልስ ጥርጣሬን አያጠፋም፣ ያባብሰዋል።

ስለዚህ ምስሉን ትቼ ራሴ ማስላት ወደምችለው ሄድኩ። ኤስ 2 የምትባል ኮከብ አለች። በኛ ጋላክሲ መሃል ኮከብ የማይታይበትን ቦታ በ16 ዓመት አንዴ ትዞረዋለች። የምህዋሯ አማካይ ርቀት ከመሬት እስከ ፀሐይ ያለውን ርቀት 1,000 ጊዜ ያህል ነው። ከምህዋር ርቀትና ከዙር ጊዜ ክብደትን የሚያወጣው የኬፕለር ሕግ ይበቃል፦ 1,000 × 1,000 × 1,000 አባዛና ውጤቱን ለ16 × 16 አካፍለው። 4 ሚሊዮን ገደማ ይመጣል። የ4 ሚሊዮን ፀሐይ ክብደት ማለት ነው። በ2018 ኮከቧ በጣም ስትቀርበው ርቀቷ የመሬትና የፀሐይን ርቀት 120 ጊዜ ያህል ብቻ ነበር። ያ ሁሉ ክብደት በዚያች ቦታ ታጭቆ፣ እንደ ኮከብ ክምችት ሳይበራ፣ ምን ሊሆን ይችላል? ይሄ ስሌት ወረቀት ላይ አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ከዚህ መጀመር ነበረብኝ። ያነበብኩት መግቢያ ጽሑፍ ሁሉ በምስሉ ይጀምራል፣ እኔ ግን ምስሉን መጨረሻ ላይ እዩት እላለሁ።

አሁን ወደ ተሳሳትኩበት። ላይጎ የሚባለው የአሜሪካ መመልከቻ በመስከረም 14፣ 2015 የያዘው የስበት ሞገድ (ከባድ አካላት እርስ በርስ ሲዞሩና ሲዋሃዱ የሚፈጥሩት የኅዋ ንዝረት) ዳታ ለማንም ክፍት ነው። አወረድኩት። አጥኚዎቹ ያዘጋጁት በፓይተን (የኮምፒውተር ፕሮግራም ቋንቋ) የተጻፈ መለማመጃም አለ፣ ደረጃ በደረጃ ይመራል። እኔ አልፈለግኩትም። የእነሱን መንገድ ከተከተልኩ የእነሱን መልስ ነው የማገኘው አልኩ። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም፣ ብቃቱ ግን አልነበረኝም።

ጥሬውን ዳታ ስትስለው ምንም አይታይም። ትልልቅ ዝግተኛ ሞገድ ብቻ ነው። ምልክቱ ከዚያ በመቶዎች እጥፍ ያንሳል፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ የ60 ኸርዝ ጩኸትም አለበት። ምልክቱን ለማውጣት ዳታውን ወደ ፍሪኩዌንሲ (በሰከንድ የንዝረት ብዛት፣ በኸርዝ የሚለካ) ቀይሮ ማጣራት ያስፈልጋል። እኔም ምልክቱ ያለበትን ቁራጭ ቆርጬ ቀየርኩት። ከዚያ በሁለቱም የላይጎ መሣሪያዎች፣ በሃንፎርድም በሊቪንግስተንም፣ ጫጫታው (ከምልክቱ ውጭ ያለው ንዝረት) ራሱ ተመሳሳይ ሥርዓት ያለው ሆኖ ታየኝ። ጫጫታ ደግሞ ሥርዓት ሊኖረው አይገባም። በደስታ ሌሊቱን አልተኛሁም። በ2017 ኮፐንሃገን ያሉ ተመራማሪዎች ስለ ሁለቱ መሣሪያዎች ጫጫታ ዝምድና ተመሳሳይ ጥያቄ አንስተው ነበር፣ እሱን ሳነብ ጭራሽ እርግጠኛ ሆንኩ። ሌሎች ቡድኖች ዳታውን ለብቻቸው ፈትሸው ምልክቱን እንዳገኙት የሚያሳዩትን ጽሑፎች ግን አላነበብኩም። አርእስታቸውን አይቼ አለፍኳቸው። በዚህ ነው በራሴ በጣም የምናደደው።

ለ11 ሰው ጻፍኩ። "ምልክቱ ከጫጫታው የተሠራ ነው" አልኩ። ሁለት ወር ስከራከር ቆየሁ፣ ከአንድ የቆየ ጓደኛዬ ጋርም ተቀያየምን።

በመጨረሻ የድምፅ ቅጂ የሚሠራ ሰው አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ፦ "ዳታውን ስትቆርጥ ጫፎቹን ቀስ አድርገህ ወደ ዜሮ አውርደሃቸዋል?" አላወረድኳቸውም። ለካ ስሌቱ የቁራጩ መጨረሻ ከመጀመሪያው ጋር ይገናኛል ብሎ ነው የሚያስበው። ጫፎቹ ካልተገጣጠሙ እዚያ ላይ ዝላይ ይፈጠራል። ዝላዩ በሁሉም ፍሪኩዌንሲ ላይ ይፈስና ሐሰተኛ ሥርዓት ይሠራል፣ በሁለቱም መሣሪያ። ለማረጋገጥ ምንም ምልክት የሌለበትን ሌላ ቁራጭ ወስጄ የድሮውን ስህተቴን ደገምኩት። ያው "ሥርዓት" ወጣ። ይሄን ፍተሻ የመጀመሪያው ቀን ብሠራው ኖሮ በአሥር ደቂቃ ያልቅ ነበር። ምንም በሌለበት ቦታም የምታገኘው ግኝት ግኝት አይደለም።

ጫፎቹን አስተካክዬ፣ ከ35 እስከ 350 ኸርዝ ያለውን ብቻ አስቀርቼ ስስለው ምልክቱ ወጣ። 0.2 ሰከንድ ያህል ይቆያል፣ እየፈጠነ፣ እየጠነከረ፣ ከዚያ ጭጭ ይላል። የአንዱን መሣሪያ በ7 ሚሊሰከንድ ገፋ አድርጌ ስገለብጠው ከሌላው ላይ ገጠመ። ዝም ብዬ አየሁት።

እዚህም ላይ ስሌት አለ። ምልክቱ ሲጠነክር ሞገዱ 150 ኸርዝ ነበር፣ በአንድ ዙር ሁለት ሞገድ ስለሚወጣ ሞገዱን የፈጠሩት ሁለት አካላት እርስ በርሳቸው በሰከንድ 75 ጊዜ ይዞሩ ነበር ማለት ነው። ክብደታቸው በድምሩ 70 ፀሐይ ያህል ነው። በመካከላቸው ያለው ርቀት 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል። ኒውትሮን ኮከብ (የሞተ ኮከብ እጅግ የታመቀ ቅሪት) ይሄን ክብደት አይሸከምም፣ ተራ ኮከብ ደግሞ እዚያ ርቀት ላይ አይገባም።

ይሄ ሁሉ ግን የሚያሳየው ጨለማ፣ ከባድና የታመቀ ነገር መኖሩን ነው። ምንም የማይመለስበት ወሰን አለው ወይ፣ መሃሉ ላይስ ምን አለ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፣ ወሰን የሌላቸው ተመሳሳይ አካላትን በቁም ነገር የሚያጠኑ የፊዚክስ ሰዎችም አሉ። እኔም መጠራጠር ካለብኝ እዚያ ላይ ነው። "ብላክ ሆል የለም" የሚል ሰው ሲመጣ አሁን መጀመሪያ የምጠይቀው ከነዚህ የትኛውን ነው የካድከው ብዬ ነው። "ተረጋግጧል" የሚለኝንም እንደዚሁ እጠይቀዋለሁ።

ለ11ዱም መልሼ ጻፍኩላቸው፣ ስህተቴን ከነሥዕሉ ላክሁላቸው። ዘጠኙ መለሱልኝ። ጓደኛዬ ገና አልመለሰም።