ታንኳ ስስል የተማርኩት

ሦስተኛ ዓመት ስንገባ መምህራችን እያንዳንዳችን አንድ ነገር መርጠን ዓመቱን ሙሉ እሱኑ እንድንስል አዘዙን። አንዱ የገበያ ሴቶችን መረጠ፤ አንዷ በጎዳናው ዳር የተደረደሩትን ዘንባባዎች ያዘች። እኔ ታንኳ አልኩ። ባሕር ዳር ተወልዶ ላደገ ሰው ታንኳ መሳል ምን ይከብዳል ብዬ ነው። አሁን ሰኔ ላይ ስቆጥር 43 ንድፍና 5 ባለቀለም ሸራ አለኝ። ከንድፎቹ የመጀመሪያዎቹን 20 ያህል ለማንም አላሳይም።

ሙዝ ናቸው። ጫፍና ጫፋቸው ወደ ላይ የተቆለመመ፣ ሆዳቸው የተነፋ ሙዝ። ጥላ ስጨምርባቸው ደግሞ የበሰለ ሙዝ ሆኑ።

የርቀት አሳሳል ሕግ ያልገባኝ መስሎኝ ሁለት ሳምንት አዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ ከረምኩ። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት ስላለው፣ ጫፉ ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው ግራና ቀኙ እየጠበበ ሄዶ አንድ ነጥብ ላይ ሲገናኝ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ድልድዩን ሳልኩት። ማስመሪያ ያለው ሁሉ ይስለዋል። ወደ ታንኳዬ ስመለስ ግን ያችው ሙዝ ጠበቀችኝ፤ አንድም ቀጥ ያለ መስመር የሌለው ነገር ላይ ማስመሪያ ምን ይፈይዳል?

ነገሩ የተፈታው ኅዳር ላይ ነው። ከዘጌ በኩል እንጨት ጭነው የሚመጡ ታንኳዎች ከሚያርፉበት ዳርቻ ተቀምጬ ስሞነጫጭር፣ ታንኳቸውን አውጥተው ፀሐይ ላይ ያሰጡ አንድ አዛውንት መጥተው ከትከሻዬ በላይ አዩ።

«ልጄ፣ ይቺ ምንድን ናት?»

«ታንኳ ናት፣ አባባ።»

«ውስጧ ጎድጓዳ ነው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ጣሳ ናት።»

እጄን ይዘው ወደ ታንኳቸው ወሰዱኝና ጎኗን አስጫኑኝ። ሰፍነግ የመሰለ ነገር ነው፤ ጫን ሲሉት እሺ ይላል፣ ሲለቁት ይመለሳል። ታንኳ እንደ እንጨት ጀልባ ውኃ እንዳያስገባ የተሠራ ዕቃ አይደለም። በሐይቁ ዳር የሚበቅለው የደንገል ቄጠማ እስር ነው። የሚያንሳፍፈው የደንገሉ ቅለት ስለሆነ ውኃው በእስሩ መካከል እንደ ልቡ ይገባል፣ ይወጣል። ስለዚህ ነው ከሥራ በኋላ የሚሰጣው፤ ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፣ ከጥቂት ወራት በኋላም በስብሶ ይጣላል። እኔ ሁለት ወር ሙሉ ስስል የነበረው የሌለ ነገር ነው፦ ቅርፊት።

ከዚያ በኋላ የታንኳውን ዙሪያ ገባ መሳል ተውኩ። ማሰሪያዎቹን ብቻ መሳል ጀመርኩ። እያንዳንዱ ማሰሪያ እስሩን ዞሮ የሚያቅፍ ቀለበት ነው፤ ወደ እኔ ሲቀርብ ሰፋ ይላል፣ ጫፉ ወደ ላይ ሲቀለበስ ደግሞ ቀለበቱም አብሮ ይዞራል። ስምንት ወይም ዘጠኝ ቀለበት በትክክል ካስቀመጥኩ በኋላ ዳርና ዳሩን ማገናኘት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ጥላም ሳይጨመርበት ድቡልቡልነቱ ይታያል። ክብና ረዥም ነገር መሳል ለሚያስቸግራችሁ ሁሉ፣ ክንድ ይሁን ግንድ፣ ይህን ሞክሩት። ክንድ ላይ የእጅጌውን ሽብሽብ እንደ ማሰሪያ ውሰዱት።

ይህን ይዤ ጥር ላይ ዘጌ ወዳለው ገዳም፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሄድኩ። (የደሴቱ ገዳም ክብራን ገብርኤል ሴት ስለማይገባበት የዚያን ንድፍ የሚያመጣልኝ የክፍሌ ልጅ ነው፤ እሱም ሁልጊዜ እግር መሳል ይረሳል።) የመቅደሱን ግድግዳ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ጻድቃን በሁለት ዓይን፣ ክፉዎች በአንድ ዓይን ከጎን እንደሚሳሉም ማንም ያውቃል። በዚህ ጊዜ ግን ያየሁት ልብሱን ነው። ጉልበት የታጠፈበትን ቦታ የሚነግራችሁ ጥላ ሳይሆን ጉልበቱን ዞሮ የሚያልፈው የልብስ እጥፋት መስመር ነው። የእኔ ማሰሪያ ማለት ነው። በክፍል ውስጥ እነዚህ ሥዕሎች «ጠፍጣፋ» ሲባሉ አብሬ ጽፌ ነበር። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ቃሉን ሰርዤዋለሁ።

ስለዚህ እዚህ ጋለሪ የለም የሚለውን ለቅሶ ትቼዋለሁ። ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በመሠረቱት የአዲስ አበባው ትምህርት ቤት የሚማሩት ከእኛ የበለጠ ዐውደ ርዕይ ያያሉ፤ እውነት ነው። እኔ የምቀናባቸው ግን በቀለም ሱቁ ነው። እዚህ አንድ ነጭ የዘይት ቀለም ሲያልቅ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ዘመድ ይጠበቃል። ሸራም ስለሚወደድ አቡጀዲ ወጥረን እንሠራለን። አንደኛ ዓመት ሳለሁ ምንም ሳልቀባው በቀጥታ የዘይት ቀለም ሠራሁበት፤ በየቀለሙ ዙሪያ የቅባት ቀለበት ወጣበት፤ አሁን ጨርቁ ጣት ሲነካው እንደ ደረቅ ቂጣ ይሰበራል። የጥጥ ጨርቅ በዘይት ይበላል። ዛሬ መጀመሪያ አንድ እጅ ነጭ ኮላ በሦስት እጅ ውኃ በጥብጬ እቀባዋለሁ፤ ሲደርቅ ነጭ የግድግዳ ቀለም ሦስት ጊዜ እደርብበትና በመካከሉ በብርጭቆ ወረቀት አለሰልሰዋለሁ። በነገራችን ላይ የገዳማቱም ሥዕል ብዙው የተሳለው ግድግዳ ላይ በተለጠፈ የጥጥ ጨርቅ ላይ ነው።

የሐይቁን ቀለም በተመለከተ፣ ሰማያዊ ቱቦዬ ሳይነካ ሊቀር ምንም አልቀረው። ክረምት ላይ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ አፈር ይዘው ሲገቡ ጣና ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል። ኦከር የሚባለው ቢጫማ የአፈር ቀለም፣ ነጭና ከብሩሽ ጫፍ የማያልፍ አልትራማሪን፣ ማለትም ደማቅ ሰማያዊ፣ ይበቃል። እነዚያው ሦስቱ፣ ኦከሩ ቀነስ ነጩም እጥር ሲል፣ የእርጥብ ደንገልን አረንጓዴ ይሰጣሉ። ከቱቦ የወጣ አረንጓዴ ግን እዚህ ዳርቻ ላይ ይጮኻል።

ሐይቁ ከከተማችን በስተሰሜን መሆኑ ሌላው ዕድላችን ነው። ወደ ውኃው ዞሮ ለሚስል ሰው ፀሐይ ዓይን ውስጥ አትገባም፤ ጠዋት ከቀኝ፣ ከሰዓት ከግራ ታበራለች። እኔ የምሠራው ጠዋት ብቻ ነው። ከሰዓት ነፋሱ ስለሚነሳ ሸራው እንደ ሸራ ጀልባ ሊሄድ ይፈልጋል፤ አንድ ጊዜ ሄዶብኛል፤ ከውኃው ያወጡልኝ ልጆች ጀርባውን በጭቃ ጣታቸው ፈርመውበታል።

ባለፈው ቅዳሜ አምስተኛውን ሸራ ለአዛውንቱ ወስጄ አሳየሁ። ብዙ ዝም ብለው አዩትና «አዲስ ናት እንዴ?» አሉኝ።

«የእርስዎ ናት እኮ፣ አባባ። ከመጋቢት ጀምሮ ስስላት የነበረችው።»

«የእኔስ ከሆነች ይህን ያህል አትንሳፈፍም። አርጅታለች፤ ውኃ ጠጥታለች።» ጣታቸውን ሸራው ላይ አሳረፉ፤ ቀለሙ ገና ስላልደረቀ ትንሽ አሻራ ቀረ። «እዚህ ድረስ ትሰምጣለች።»

አሻራው ካለበት እስከ እኔ የውኃ መስመር ሁለት ጣት ያህል ነው። አልጠረግሁትም፤ ነገ ጠዋት ውኃውን እስከዚያ ድረስ ከፍ አደርገዋለሁ።