ሰማዩን ያወረድኩ ቀን

ስዕል ማስተማር ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። የ2ኛ ክፍል ልጆች በውሃ ቀለም ቤትና ፀሐይ እየሳሉ ነው። እኔ በመሀላቸው እዞራለሁ።

አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ጋ ስደርስ ቆምኩ። ወረቀቷ አናት ላይ የጣት ውፍረት ያላት ሰማያዊ መስመር አስምራለች። ታች አረንጓዴ መሬት አለ። መሀሉ ነጭ ነው። ቤቱም፣ ሰዎቹም፣ ፀሐይዋም እዚያ ነጩ ውስጥ ናቸው።

"ሰማይ እኮ እንዲህ አይደለም የኔ ቆንጆ" አልኩና ብሩሹን ከእጇ ወሰድኩ። አላስፈቀድኳትም። ሰማያዊ ነክሬ ሰማዩን እስከ መሬቱ ድረስ አወረድኩት። ቢጫዋ ፀሐይ ገና አልደረቀችም ነበር። ሰማያዊው ሲነካት መጀመሪያ ዳር ዳሯ አረንጓዴ ሆነ፣ ቀጥሎ ሁለመናዋ። ወረቀቱ ተራ የደብተር ወረቀት ስለነበር ያን ሁሉ ውሃ አልቻለም፤ ተጨማደደ።

ልጅቷ አላለቀሰችም። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ዝም ብላ ታየኛለች። "ጎበዝ፣ አሁን አማረ" ብያት አለፍኩ።

በሳምንቱ ወረቀት ሳድል የሷን መልሳ ሰጠችኝ።

"ቲቸር፣ እርስዎ ይሳሉልኝ። እኔ አልችልም።"

ክው አልኩ። ያን ዕለት ማታ ስለ ልጆች ስዕል ማንበብ ጀመርኩ። ከ7 እስከ 9 ዓመት አካባቢ ያሉ ብዙ ልጆች ሰማይን ከላይ፣ መሬትን ከታች እንደ መስመር ያስቀምጣሉ። ቪክቶር ሎወንፌልድ የተባለ የሥነ ጥበብ መምህር እ.ኤ.አ. በ1947 ስለነዚህ የዕድገት ደረጃዎች በሰፊው ጽፏል። ልጅቷ ዓለምን በቦታ በቦታው እያስቀመጠች ነበር፤ እኔ ደረስኩና አፈረስኩባት።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ አጠገቧ በርከክ ብዬ ይቅርታ ጠየቅኋት። ከዚያ "ያ ነጩ ምን ነበር?" አልኳት።

"አየር ነዋ! ሰማዩ እላይ ነው፣ እኛ ታች ነን። ከወረደ እኮ ጭንቅላታችንን ይነካናል።"

ከዚያ ወዲህ የልጅ ወረቀት ላይ እጄን አላሳርፍም። ማሳየት ሲኖርብኝ የራሴን ቁራጭ ወረቀት ይዤ እዞራለሁ፤ እዚያ ላይ አሳይቼ እሄዳለሁ። "ይሄ ምንድን ነው?" ማለትም ትቻለሁ። ልጁ "አልገባውም ማለት ነው" ብሎ ይሸማቀቃል። "እስቲ ስለ ስዕልህ ንገረኝ" ስለው ግን ወሬው አያልቅም።

እሷን ለመመለስ ጊዜ ወሰደብኝ። መጀመሪያ ስዕሉን ተውነውና ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ብቻ ሰጥቻት ስትደባልቅ ዋለች። ብርቱካናማ ሲወጣላት ጎረቤቷን በክርን ጎሸም አደረገቻት። ቀስ በቀስ ቤት መሳል ጀመረች። ሰማዩ እንደ ድሮው ጣት የሚያህል ሆኖ አናት ላይ ተመለሰ። ምንም አላልኩም።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል አንድ ቀን መስኮቱ ጋ ቆማ ወደ ሩቅ ታያለች። "ቲቸር፣ እዚያ ጋ እኮ ወርዷል" አለችኝ። ሰማዩን ነው።

ሮጣ ወንበሯ ላይ ተቀመጠችና ብሩሹን ውሃ ውስጥ ነከረች።