የቤልን ሙከራ በኳንተም ኮምፒውተር ስሠራ ሦስት ሳምንት የበሉብኝ አራት ቁጥሮች

ይህን የምጽፈው ለመመረቂያቸው የቤልን ሙከራ ኦንላይን ባለ ኳንተም ኮምፒውተር ለመሥራት ላሰቡ የፊዚክስ ተማሪዎች ነው። ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ሦስት ሳምንት ባላቃጠልኩ ነበር።

ነገሩ ባጭሩ ይሄ ነው። ጆን ቤል በ1964 እ.ኤ.አ. አንድ ነገር አሳየ። ሁለት ቅንጣቶች ውጤታቸውን ከመነሻቸው ይዘው የሚመጡና ከርቀት የማይነካኩ ከሆነ፣ የልኬቶቻቸው ዝምድና ከተወሰነ ልክ አያልፍም። እኔ በተጠቀምኩበት ቀመር ልኩ 2 ነው። ኳንተም ፊዚክስ ግን እስከ 2.83 ይፈቅዳል።

አካውንት መክፈት ቀላል ነው። ፓይተን መጫንም እንደዚያው። ሁለት ኪውቢት (የኳንተም ኮምፒውተር የመረጃ አሃድ፤ እዚህ የቅንጣቶቹን ቦታ ይተካል) ማቆራኘት፣ ማለትም ውጤታቸው እንዲዛመድ ማያያዝ፣ የሁለት መስመር ኮድ ሥራ ነው። ወረፋው ያሰለቻል፤ ማታ ልካችሁ ጠዋት ተመልከቱ።

መከራዬ የጀመረው አንግሎቹ ላይ ነው፤ እያንዳንዱ ኪውቢት በየትኛው አቅጣጫ እንደሚለካ የሚወስኑት ቁጥሮች ላይ። አንድ መማሪያ ላይ 0፣ 45፣ 22.5 እና 67.5 ዲግሪ የሚሉ አራት ቁጥሮች አገኘሁና እንዳሉ ገለበጥኳቸው። ውጤቱ 2.2 መጣ። ከ2 በለጠ ብዬ ጮቤ ረገጥኩ። ሲያድር ግን እስከ 2.83 የቀረው የት ገባ የሚለው ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ። ማሽኑን ጠረጠርኩ። ኪውቢቶቹን ቀየርኩ። ልኬቱ የሚደገምበትን ብዛት ከ1,000 ወደ 8,000 አሳደግኩ። የንባብ ስህተት ማረሚያ (ማሽኑ 0ን 1 ብሎ ሲያነብ የሚያስተካክል) ስጨምር 2.3 አካባቢ ደረሰና ቀጥ አለ። በነጻ የምትሰጠኝ የማሽን ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ናት፤ እሷም አለቀች።

አማካሪዬ ጋ ሄድኩ። «ኖይዝ ነው (ማሽኑ ራሱ የሚፈጥረው ብጥብጥ ማለታቸው ነው) በልና ጻፈው፤ ጊዜ የለህም» አሉኝ። ኮዱን አላዩትም። እስካሁን ያንገበግበኛል። ከዚያ በላይ የሚያናድደኝ ግን «እሺ» ብዬ መውጣቴ ነው። ቤት ገብቼ ስለ ኖይዝ ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ሁለቱም ገጽ ስህተት ነበር።

አንድ ቅዳሜ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜያለሁ። ያደረግኩት የፀሐይ መነጽር ፖላራይዝድ ነው። ስልኬን ወደ ጎን ሳዞረው ስክሪኑ ጥቁር አለ። ሳቆመው በራ። አሁንም አዞርኩት፤ ጠፋ። ሩብ ዙር ብቻ፣ 90 ዲግሪ፣ ከሙሉ ብርሃን ወደ ጨለማ። እዚያው ላብ አጠመቀኝ። መማሪያው የሚያወራው ስለ ፎቶን፣ ስለ ብርሃን ቅንጣት ነበር! ለፎቶን ፖላራይዜሽን (ብርሃኑ ለሚርገበገብበት አቅጣጫ) ተቃራኒው 90 ዲግሪ ላይ ነው። የኪውቢት 0 እና 1 ግን 180 ዲግሪ ተራርቀው ነው የተቀመጡት። ስለዚህ አንግሎቼ በሙሉ እጥፍ መሆን ነበረባቸው፦ 0፣ 90፣ 45 እና 135። በእኔ ቁጥሮች ምንም ኖይዝ የሌለበት ማሽን እንኳ ከ2.39 አያልፍም።

ጊዜዬ እስኪታደስ ጠብቄ አስተካክዬ ላክሁት። 2.63። ያንን ወረቀት አትሜ ከጠረጴዛዬ በላይ ለጥፌዋለሁ።

ዝግጁ ኮድ ወስዳችሁ ጀምሩ የሚሏችሁን አትስሙ። አራቱን ዝምድናዎች (የአንዱ ኪውቢት ሁለት አንግሎች ከሌላው ሁለት ጋር ሲጣመሩ የሚገኙትን) መጀመሪያ በእጅ አስሉ፤ አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ቀጥሎ ሲሙሌተር፣ ማሽኑን በተራ ኮምፒውተር የሚያስመስል ፕሮግራም። ማሽኑ መጨረሻ ላይ ይምጣ። ከ2 ማለፍ ብቻውን ልክ ሠርቻለሁ ማለት አይደለም፤ እኔን ያታለለኝ እሱ ነው።

ሌላም አለ። አይንስታይን ቅንጣቶች ውጤታቸውን ይዘው ነው የሚመጡት ባይ ስለነበር «አይንስታይን መሳሳቱን አረጋገጥኩ» ብዬ ጽፌ ነበር። ሰርዤዋለሁ። ሁለቱ ኪውቢቶቼ ያሉት አንድ ቺፕ ላይ ነው፤ ልኬቱ ሳያልቅ ብርሃን ከአንዱ ወደ ሌላው ደርሶ ይመለሳል። ስለዚህ «ተነጋግረው ቢሆንስ?» ለሚል ሰው መልስ የለኝም። ይህን ቀዳዳ ለመዝጋት በ2015 እ.ኤ.አ. በኔዘርላንድስ ዴልፍት ከተማ ውስጥ ኤሌክትሮኖችን 1.3 ኪሎ ሜትር አራራቁ፤ 245 ጊዜ ለክተው 2.42 አገኙ። ዙሪክ ላይ ደግሞ እንደ እኔው ዓይነት ሱፐርኮንዳክቲንግ (በከባድ ቅዝቃዜ ኤሌክትሪክ ያለ ተቃውሞ ከሚያልፍበት ቁስ የተሠሩ) ኪውቢቶችን 30 ሜትር በሚረዝም እጅግ ቀዝቃዛ ቱቦ አገናኙ። በ2023 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ውጤት 2.07 ገደማ ነው። የእኔ ቁጥር ይበልጣል፤ ክብደት ያለው ግን የእነሱ ነው።

ዲፌንሴ ላይ አንዱ ፈታኝ «እሺ፣ ቀዳዳው ተዘጋ እንበል። ታዲያ የወደቀው የትኛው ግምት ነው?» አሉኝ። ከርቀት አለመነካካት? ውጤት ከልኬት በፊት መኖሩ? ወይስ የምንለካውን በነጻ መምረጣችን? የፊዚክስ ሰዎች እስካሁን አልተስማሙበትም አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና አንግሎቹ ያሉበትን ገጽ እንዳወጣ ጠየቁኝ።