ዜሮ የተጻፈባቸው ቀናት

ድሬዳዋ ያደገ ሰው የደቻቱን ወንዝ ያውቀዋል። አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ይሻገረዋል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። አንድ ቀን ታዲያ እኛ ጋ ጠብታ ሳይወርድ፣ ላይ በደንገጎ በኩል ተራራው ላይ የዘነበው ተጠራቅሞ ይመጣል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዶብናል። ዛሬም ደመና ሲጠቁር እንቅልፍ የሚያጣ ቤተሰብ አለ።

ለዚህ ነው እዚሁ ከዚራ ሰፈር ተወልዶ ያደገ፣ አሁን ሆላንድ የሚኖር የውሃ መሐንዲስ «የእረፍቴን ሦስት ሳምንት ልስጣችሁ፣ ክፍያ አልፈልግም» ብሎ ሲጽፍልን ደስታችን ልክ ያጣው። የምሠራበት መሥሪያ ቤት የማስተናገዱን ኃላፊነት ለእኔ ሰጠኝ።

ተዘጋጀሁ። አዳራሽ ያዝኩ፣ ባነር አሠራሁ፣ የምሳ ግብዣውን ጨረስኩ፣ የምስክር ወረቀቱን ሳይቀር አሳተምኩ። የመጀመሪያው ሳምንት በትውውቅ አለቀ። ከቢሮ ቢሮ፣ ከኃላፊ ኃላፊ። እሱ በየቦታው ፈገግ ብሎ ቡና ይጠጣል። በሁለተኛው ሳምንት ሰኞ ግን ወደ ጠረጴዛዬ መጥቶ ቀስ ብሎ «የዝናብ መዝገቡን መቼ አየዋለሁ?» አለኝ።

መዝገቡ ቁምሳጥን ውስጥ ነበር። ቁልፉ ደግሞ የዓመት ፈቃድ ወጥቶ ገጠር የገባ ሠራተኛ ኪስ ውስጥ።

ይህን ስጽፍ አሁንም ይከነክነኛል። አገሪቱ በሩን ከፍታለች። በ1994 የወጣው አዋጅ ቁጥር 270፣ ብዙዎቻችን በቢጫ ካርዱ የምናውቀው፣ ትውልደ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው ያለ ቪዛ እንዲገባና ያለ ሥራ ፈቃድ እንዲሠራ ፈቅዷል። በ2005 የወጣው የዲያስፖራ ፖሊሲም ዕውቀት ይዞ መምጣትን ይጋብዛል። ዲያስፖራ ሲባል ቶሎ ዶላር ትዝ ለሚለን ለእኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው። እንግዲህ ይህን ሁሉ አልፎ የመጣ ሰው እኔ ቢሮ የቁምሳጥን ቁልፍ ሲጠብቅ አራት ቀን አለፈው። ማንም አልከለከለውም። መጀመሪያ ምን እንደሚፈልግ የጠየቀው ሰው አልነበረም፤ መጠየቅ የነበረብኝም እኔ ነበርኩ።

ወረቀቶቹ ወጡ። አቧራ የጠጡ፣ በእጅ የተሞሉ ቅፆች። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ መለኪያው ይነበባል፣ ቁጥሩ በሚሊሜትር ይጻፋል። አንድ ሚሊሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ በተራራው ስፋት ሲባዛ ግን ወንዝ ነው። መሐንዲሱ ሌሊት ጭምር ኮምፒውተር ላይ አስገባቸው። የሚፈልገው የ50 ዓመት ጎርፍ የሚባለውን ነበር። ይኼ በ50 ዓመት አንዴ ብቻ የሚመጣ ጎርፍ ማለት አይደለም፤ በየትኛውም ዓመት የመምጣት ዕድሉ ከ100 ሁለት የሆነ ጎርፍ ነው። ጎርፉን የሚከላከለው ግንብ ቁመት የሚወጣው ከዚያ ነው።

ሊሄድ ስድስት ቀን ሲቀረው የመረጃ ክፍላችን ቴክኒሺያን ፊርማ ፈልጋ እኔ ጋ ገባች። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ባዘጋጀሁት ፕሮግራም ላይ የእሷ ስም የለም። አዳራሹ ውስጥ አልነበረችም፣ ምሳው ላይም አልነበረችም። በሩ አጠገብ ቆማ በመሐንዲሱ ትከሻ ላይ አሻግራ ስክሪኑን አየች።

«አቦ፣ ይሄኮ ዝናብ የለም ማለት አይደለም» አለች።

ዞር ብሎ አያት። «የቱ?»

ጣቷን ነሐሴ ላይ አደረገች። በመሐሉ ሦስት ዜሮዎች ተደርድረዋል። ቅፁን በየወሩ በአውቶቡስ ወጥታ የምትሰበስበው እሷ ናት። ዝናቡን የሚለካልን ሰው ቤቱ ከወንዝ ወዲህ ነው፣ መለኪያው ከወንዝ ማዶ። ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ወንዙ ይሞላል፣ ሰውየው መሻገር አይችልም። ውሃው ጎድሎለት ሲሻገር የሁለት ሦስት ቀኑን አንድ ላይ፣ አንዳንዴም ሞልቶ ፈስሶ ያገኘዋል። ቅፁ ላይ «አልተነበበም» የሚባል ቦታ የለም። ባዶ ከተወው ደግሞ አለቃ ይቆጣል። ስለዚህ ዜሮ ይጽፋል።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ዜሮዎቹ የተጻፉት ዝናቡ በበረታባቸው ቀናት ነበር ማለት ነው። በዚያ ስሌት የተሠራ ግንብ አጭር ይሆን ነበር። ደቻቱ ዳር ተኝተው የሚያድሩትን ሰዎች አሰብኩና ሆዴ ተገላበጠ።

መሐንዲሱ ከወንበሩ ተነሣና እሷን አስቀመጣት። ራሱ ሌላ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። የቀሩትን ስድስት ቀናት እንደዚያው ሠሩ። እሷ የትኛው ዜሮ እውነተኛ፣ የትኛው የጎርፍ ቀን እንደሆነ ትነግረዋለች። እሱ የጎደለውን ቁጥር በአካባቢው ካሉ ሌሎች ጣቢያዎች መዝገብ እንዴት እንደሚገመት ያሳያታል። የስንብቱን ግብዣ ሰረዝኩት። ቅር ያለው ኃላፊ ነበር፤ በኋላ ግን ገባው።

ከዚያ ወዲህ ባለሙያ ከውጭ ሊመጣ ሲል መጀመሪያ የምጽፈው ስለ አዳራሽ አይደለም። ጥያቄያችን ይኼ ነው፣ ያለን መረጃ ይኼ ነው፣ አብራህ የምትሠራው ሰው እሷ ናት ብዬ እጽፋለሁ። መረጃው ከሰውየው ቀድሞ በኢሜይል ይሄዳል። ሰውየው ሲመለስ ሥራው የሚቀረው እሷ እጅ ላይ ነውና ስሟ ከሁሉ በፊት ይቀመጣል። ቅፁም ላይ «አልተነበበም» የሚል ሳጥን ተጨምሯል።

ሁለቱ አሁንም በየሐሙሱ ማታ በቴሌግራም ይገናኛሉ። ባለፈው ሐሙስ አምሽቼ ስወጣ የመረጃ ክፍሉ መብራት በርቶ ነበር። ቬንቲሌተሩ ይንጫጫል። በድምፅዋ ላይ ያለው መተማመን በሩ ድረስ ይሰማል።

«ሐምሌ 14ን ለጊዜው አትቁጠረው» ትለዋለች። «ነገ ሰውየው ጋ ደውዬ አጣራለሁ።»