ከወንድሜ ጋር ታረቅን

ሐኪሙ የጉበት ካንሰሩ ተሰራጭቷል፣ ከዚህ በኋላ ህመሙን ማስታገስ ነው የምንችለው ካለኝ ወዲህ፣ ይገርማችኋል፣ እንቅልፌ ተሻሽሏል (የሚጠጣው ሞርፊንም አለበት መቼስ)። በአባታችን ቤት ውርስ የተኳረፍነው ታላቅ ወንድሜ ሽማግሌም ሳይላክበት ከዘጌ ቡና ይዞ በጀልባ መጣና በሩ ላይ ቆሞ "አንተ፣ ከሳህ እኮ" አለኝ፣ በቃ እሱ ነው ይቅርታው፣ ስለ ቤቱ ማንም አላነሳም። አሁን አመሻሽ ላይ ጣና ዳር ቁጭ ብለን የተጠበሰ ዓሣ እናዛለን፣ እኔ ትንሽ ከቀመስኩ ይበቃኛል፣ እሱ የቀረውን እየጨረሰ "ብላ እንጂ!" ብሎ ይቆጣኛል። ደስ ይለኛል ሲቆጣኝ። ባለቤቴ ግን ገና አላመነችም፣ ጠበል እንሂድ ትላለች፣ እሺ፣ መድኃኒቴን ግን አላቆምም ብያታለሁ። የነፍስ አባታችንም ሁለቱንም ያዝ ነው ያሉኝ። ቅዳሜ ሦስታችንም ዑራ ኪዳነ ምሕረት ልንሳለም ነው፣ ጀልባው ካላንገላታኝ።